አል-ቢሩኒ፡ መሣሪያቸው ቢጠፋም መለካት ያልተዉት ዓሊም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ስለ ሙስሊም ሊቃውንት ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የግኝቶቻቸውን ዝርዝር ነው። ዛሬ የምናነሳቸው አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብኑ አሕመድ አል-ቢሩኒ (ረሒመሁላህ) ግን ከግኝታቸው በላይ አሠራራቸው ያስተምራል።

አል-ቢሩኒ በ362 ዓ.ሂ (እ.ኤ.አ. 973) በኸዋሪዝም፣ ካት በምትባል ከተማ ተወለዱ። ቦታው ዛሬ በኡዝቤኪስታን ውስጥ ይገኛል። ሒሳብና ሥነ ፈለክ ያስተማሯቸው ከገዢው ቤተሰብ የሆኑት አቡ ነስር መንሱር ነበሩ። ገና በ17 ዓመታቸው ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምትደርስበትን ከፍታ ለክተው የካትን ኬክሮስ አወጡ።

ከዚያ በኋላ ሰፋ ያለ ዕቅድ ያዙ። ዲያሜትሩ 15 ክንድ የሆነ ትልቅ የመለኪያ ቀለበት አሠርተው የፀሐይን ከፍታ በተከታታይ ሊመዘግቡ ተዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ995 ሰኔ ላይ፣ ፀሐይ ወደ ሰሜን የመጨረሻ ጫፏ ላይ በምትደርስበት ቀን፣ ከካት በስተደቡብ ከወንዙ ማዶ ባለች መንደር አንድ ልኬት ወሰዱ። ያ ልኬት የዕቅዱ መጀመሪያም መጨረሻም ሆነ። የእርስ በርስ ጦርነት ተነሳ፤ የመምህራቸው ቤተሰብ ከሥልጣን ወረደ፤ እርሳቸውም በ22 ዓመታቸው አገር ጥለው ተሰደዱ።

በስደት ላይ ሳሉ ሬይ በምትባለው ከተማ በድህነት ኖሩ። አንድ ባለጸጋ ኮከብ ቆጣሪ ሐሳባቸውን በድህነታቸው ምክንያት ይንቅባቸው እንደነበር፣ ኑሯቸው ሲሻሻል ግን ወዳጅ እንደሆናቸው ራሳቸው ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ997 ወደ ካት ተመልሰው በባግዳድ ካሉት ከአቡል ወፋእ ጋር በመስማማት አንድን የጨረቃ ግርዶሽ ሁለቱም በየከተማቸው ተከታተሉ። ግርዶሹ ለሁሉም በአንድ ቅጽበት ይታያል፤ የየከተማው ሰዓት ግን ይለያያል። የአንድ ሰዓት ልዩነት ደግሞ 15 የኬንትሮስ ዲግሪ ነው። ስልክና ሳተላይት በሌለበት ዘመን በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በሰማይ በኩል ለኩት።

በኋላ በጁርጃኒያ የኸዋሪዝሙ ሻህ ሲደግፏቸው እ.ኤ.አ. በ1016 ከጁን እስከ ዲሴምበር ተከታታይ የፀሐይ ልኬቶችን መመዝገብ ቻሉ። ግን በዓመቱ የገዝናው ሱልጣን መሕሙድ ኸዋሪዝምን ያዘና ሊቁን ከሌሎች ጋር ወደ ገዝና ወሰዳቸው። እ.ኤ.አ. በ1018 በካቡል አካባቢ ባለች መንደር ውስጥ ምንም መሣሪያ በእጃቸው አልነበረም። ታዲያ የሒሳብ መሥሪያ ሰሌዳቸውን ገለበጡና ጀርባው ላይ በዲግሪ የተከፋፈለ ቅስት ሣሉ፤ ቱንቢ አንጠለጠሉበትና የፀሐይን ከፍታ ለኩ። ባለ 15 ክንድ ቀለበት አሠርተው የነበሩት ሰው በአንዲት ሰሌዳ ሥራቸውን ቀጠሉ።

የምድርን ስፋት የለኩበት ታሪክም እንዲሁ ነው። በኸሊፋ መእሙን ዘመን የተላኩ ሊቃውንት ይህን ለማወቅ በበረሃ ብዙ ተጉዘው ነበር። አል-ቢሩኒም ከጁርጃን በስተሰሜን ባለው በረሃ ሊሞክሩት አስበው የሚደግፋቸው አላገኙም። በኋላ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለው የናንዳና ምሽግ ሳሉ ሰፊ ሜዳ ከሥሩ የተዘረጋ ተራራ አገኙ። ከተራራ አናት ሆነን አድማስን ስናይ ዓይናችን ከአግድም መስመር ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ምክንያቱም ምድር ክብ ናት። የተራራው ቁመትና ያቺ የዝቅታ አንግል ከታወቁ የምድር ራዲየስ በትሪጎኖሜትሪ ይገኛል። ቁመቱ 652 ክንድ፣ አንግሉ 34 ደቂቃ፣ ማለትም ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ ሆነ። ያገኙት ውጤት ከዛሬው ብዙም የራቀ አይደለም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነበር? የከተሞችን አቀማመጥ ስለመወሰን የጻፉትንና እ.ኤ.አ. በ1025 ያጠናቀቁትን ኪታብ ካነሳሷቸው ጉዳዮች አንዱ የገዝናን ቂብላ በትክክል ማወቅ ነበር። አል-ቃኑን አል-መስዑዲ በተባለው ትልቁ ሥራቸውም ስለ ጎህ ጽፈዋል። ፈጅር ሲገባ ፀሐይ ገና ከአድማስ በታች ናት፤ የምናየው ብርሃን ከበላያችን ከፍ ብሎ ያለው አየር ቀድሞ ስለሚበራ የሚመጣ ነው። አል-ቢሩኒ ጎህ የሚጀምረው ፀሐይ ከአድማስ 18 ዲግሪ ዝቅ ብላ ሳለች እንደሆነ መዝግበዋል። የዛሬ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎችም የሌሊቱ ጨለማ የሚያበቃበትን ልክ በ18 ዲግሪ ይወስናሉ፤ በስልካችን ካሉት የሶላት ሰዓት ማውጫዎችም ብዙዎቹ በዚሁ ቁጥር ይሠራሉ።

ስለ ጥላ በጻፉት ኪታብ ውስጥ ደግሞ ለእኛ የቀረበ ታሪክ አለ። የሶላት ወቅት የሚታወቅበት አንድ መሣሪያ የሩም ወራት ተጽፈውበት ነበር። የጥላ ርዝመት የሚለዋወጠው ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ባላት ቦታ ስለሆነ፣ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል በሚሸሸው የጨረቃ አቆጣጠር ሊሠራ አይችልም። አንድ ሰው ግን ይህ ካፊሮችን መምሰል ነው ብሎ ተቃወመ። አል-ቢሩኒም ሩሞች እንጀራቸውን እንደሚበሉና ገበያ እንደሚሄዱ አስታውሰው፣ እንግዲያው በእነዚህም አትምሰላቸው የሚል መልስ ሰጡት። በውጭ አገር መጽሐፍ ኢንጂነሪንግ የምንማር ልጆች፣ ዕውቀቱ ከማን መጣ ከማለት በፊት እውነት ነው ወይ፣ ለምንስ ይጠቅማል ብለን እንድንጠይቅ ያደርገናል።

አል-ቢሩኒ ያወቁትን ለራሳቸው አላስቀሩም። ረይሓና ለተባለች የኸዋሪዝም ሴት ሥነ ፈለክንና ሒሳብን ከመነሻው በጥያቄና መልስ የሚያስረዳ ኪታብ አዘጋጅተዋል። መማርንም እስከ መጨረሻው አልተዉም። ያቁት እንዳስተላለፈው በሞት አልጋቸው ላይ ሳሉ አንድ ፈቂህ ሊጠይቋቸው መጡ። እርሳቸውም ስለ አያቶች ውርስ አንድ መስአላ እንዲያብራሩላቸው ለመኗቸው። ፈቂሁ በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነው እንዴት ብለው ቢያዝኑላቸው፣ ሳያውቁት ከመሞት አውቀውት መሞት እንደሚሻላቸው ነገሯቸው። ፈቂሁ አስረድተው ከቤቱ ሲወጡ ገና መንገድ ላይ ሳሉ የለቅሶ ድምፅ ሰሙ።

በካምፓሳችን ላብ ይጠብባል፣ መሣሪያ ይሰበራል፤ ይህ እውነት ነው፤ ሊስተካከልም ይገባል። እስከዚያው ግን በመጪው መጋቢት 12 አካባቢ ለዙህር ስንወጣ አንድ ቀጥ ያለ ዱላ በቱንቢ አስተካክለን እንትከል። ጥላው በጣም ሲያጥር ርዝመቱን ለክተን ለዱላው ርዝመት ብናካፍለው የምናገኘው የቆምንበት ቦታ ኬክሮስ ታንጀንት ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለ ሰው ወደ 9 ዲግሪ ገደማ ይወጣለታል። ውጤቱን ለቀጣዩ እትም ላኩልን፤ ኢንሻአላህ እናወጣዋለን።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይጨምርልን፤ ለቀደሙትም ዓሊሞቻችን ይዘንላቸው። አሚን።