በአጥንት ውስጥ ሚስማር የሰደደው ሐኪም

ከአጥንታቸው ውስጥ ብረት ይዘው የሚንቀሳቀሱ ዘመዶችና ወዳጆች ያሉን ብዙዎች ነን፡፡ ይህንን አሠራር ደንበኛ ሕክምና ያደረገውን ሰው ስም ግን ከሐኪሞች በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው፡፡ ዛሬ ላወሳው የፈለግሁት እሱን፣ ጀርመናዊውን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጌርሃርድ ኩንቸርን ነው፡፡

ኩንቸር እ.ኤ.አ. በ1900 በጽቪካው ከተማ ተወለደ፡፡ በኪል ከተማ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሲሠራ፣ በዚያ ዘመን ጭኑ የተሰበረ ሰው እግሩ በክብደት እየተጎተተ ወይም በጀሶ ታሽጎ ለወራት ይተኛ ነበር፡፡ አጥንቱ ቢገጥም እንኳ ጡንቻው ይሰለስላል፣ ጉልበቱም ይደርቃል፡፡ ኩንቸር በ1939 ከስብራቱ ራቅ ብሎ ከተከፈተ ትንሽ ቀዳዳ ተነስቶ ረጅም የማይዝግ ብረት በመቅኔው መሀል አሳለፈ፡፡ መሣሪያዎቹን ኧርንስት ፖል የተባለ ባለሙያ ሠራለት፡፡

በ1940 በርሊን ላይ ዘዴውን ሲያቀርብ ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ በጥርጣሬ አዩት፡፡ ዘዴውን ያስፋፋው ጦርነቱ ነው፡፡ ከጀርመን ምርኮ የተመለሱ ወታደሮችን የመረመሩ ሐኪሞች፣ በራጅ ላይ በጭን አጥንት ውስጥ የተጋደመውን ብረት ሲያዩ ተደነቁ፡፡

ዘዴው ለላይኛው ክንድ አጥንትም ይሠራል፡፡ እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል፡፡ ብረቱ በትከሻ በኩል ሲገባ የትከሻ ሕመም ሊያስከትል ይችላል፡፡ ከአጥንቱ ጀርባ የሚጠመዘዘው ነርቭ ከተጎዳ ደግሞ የእጅ አንጓ ይዝላል፡፡ ክንድ እንደ እግር የሰውነት ክብደት ስለማይሸከም ብዙው ስብራት ያለ ቀዶ ሕክምና በድጋፍ ብቻ ይገጥማል፡፡ ስብራቱ ከአንድ ቦታ በላይ ሲሆን ወይም አልገጥም ሲል ግን ሚስማሩ ሊፈለግ ይችላል፡፡

ኩንቸር በ1972 አረፈ፡፡ ብረቱ እንዳይዞር ከላይና ከታች በብሎን የመቆለፉ አሠራር በስፋት የተለመደው ከሞተ በኋላ ነው፡፡ በ1999 የተመሠረተው ሳይን የተባለ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚያቀርበው ሚስማር በቀዶ ሕክምናው ወቅት ራጅ ሳያስፈልግ የሚቆለፍ ሲሆን፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ደርሷል፡፡

በእኔ እምነት የኩንቸር ትልቁ ውርስ ብረቱ አይደለም፡፡ ሕክምና የሚለካው ሕመምተኛው ቶሎ ወደ እንቅስቃሴው በመመለሱ እንደሆነ ማሳየቱ ነው፡፡ ስለዚህ ክንዱ የተሰበረ ቤተሰብ ያለው ሰው ብረት ይግባለት ብሎ ከመወትወቱም ሆነ ብረት አይነካውም ብሎ ከመሸሹ በፊት፣ እጁ ቶሎ ሥራ የሚጀምረው በየትኛው መንገድ እንደሆነ ሐኪሙን ቢጠይቅ ይበጀዋል እላለሁ፡፡