ገበሬው ጂም ክላርክ

መጋቢት 29 ቀን በመጣ ቁጥር የመኪና እሽቅድምድም ወዳጆች አንድ ስኮትላንዳዊ ያስታውሳሉ። ጂም ክላርክ ይባላል፤ የሞተው በ1960 ዓ.ም. በዚያች ቀን ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ግን በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።

ክላርክ በ1936 ኪልማኒ በምትባል መንደር፣ ከአራት እኅቶች በኋላ ብቸኛ ወንድ ልጅ ሆኖ ተወለደ። ቤተሰቡ በእንግሊዝ ወሰን አጠገብ ሰፊ እርሻ ይዞ በግና ከብት ያረባ ነበር። እንግዲህ አንድ ወንድ ልጅ፣ ያውም እርሻውን ይረከባል የተባለ፣ በመኪና ልሽቀዳደም ሲል ወላጆቹ ምን እንደሚሰማቸው ወላጅ የሆነ ያውቀዋል። አልወደዱለትም። እሱ ግን በ1956 በጓደኛው መኪና ጀመረ፤ በ1960 ደግሞ ኮሊን ቻፕማን የተባለው መሐንዲስ ባቋቋመው በሎተስ ቡድን ገብቶ ከታላላቆቹ ጋር ተሰለፈ።

በ1963 ከ10 ውድድሮች 7ቱን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1965 ሻምፒዮንነቱን ሲደግም በዚያው ዓመት አሜሪካ ተሻግሮ የኢንዲያናፖሊስን 500 ማይል ወሰደ። በጠቅላላው 72 የግራንድ ፕሪ ውድድሮች ገብቶ 25ቱን አሸነፈ፤ የአርጀንቲናዊውን የፋንጂዮን 24 ድል አለፈ ማለት ነው።

እኛን ይበልጥ የሚገርመን ግን ያላሸነፈው ነው። በ1967 ኢጣሊያ ሞንዛ ላይ ጎማው ተንፍሶበት ለማስቀየር ሲቆም ሌሎቹ አንድ ሙሉ ዙር ቀደሙት። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ይሰጥ ነበር። ክላርክ ሁሉንም አንድ በአንድ እየደረሰ አለፋቸውና መሪ ሆነ! ታዲያ ምን ያደርጋል፣ በመጨረሻው ዙር ቤንዚን አጠረውና 3ኛ ወጣ።

በዚሁ በሞንዛ ግን በ1961 ከጀርመናዊው ከፎን ትሪፕስ መኪና ጋር ተነካክተው ጀርመናዊውና ከ10 በላይ ተመልካቾች ሞተዋል። ክላርክ በዚህ ክፉኛ አዝኖ ነበር። አደጋውን ሳያውቅ የገባበት አልነበረም።

ሚያዝያ 7 ቀን 1968 ጀርመን አገር ሆክንሃይም ላይ፣ ለዓለም ሻምፒዮንነት እንኳ በማይቆጠር የፎርሙላ ሁለት ውድድር፣ መኪናው ከእርጥቡ መንገድ ወጥቶ ከዛፍ ጋር ተጋጨ። ምክንያቱ የኋላ ጎማው አየር ማጣቱ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። በመንገዱ ዳር መከላከያ አጥር እኮ አልነበረም። ክላርክ በ32 ዓመቱ፣ ትዳር ሳይይዝ፣ ሞተ።

የተቀበረው ቸርንሳይድ በምትባለው በእርሻው አጠገብ ባለች መንደር ነው። በቀብሩ ላይ አባቱ አሜሪካዊውን ተወዳዳሪ ዳን ገርኒን ጠጋ ብለው፣ ልጃቸው ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የሚፈራው እሱን ብቻ እንደነበረ ነገሩት። ገርኒም ይህን ሲሰማ እንባውን መቆጣጠር አልቻለም።

በእኛ ዘንድ ጥሩምባ ነፊው ሲለፍፍ የሟቹን ማዕረግ አስቀድሞ ይጠራል። በክላርክ የመቃብር ድንጋይ ላይ ሁለቱም ሻምፒዮንነቶቹ፣ ኢንዲያናፖሊስም፣ 25ቱ ድሎችም ተቀርጸዋል። ከሁሉ በፊት የተጻፈው ግን ገበሬ የሚለው ነው።