ፖል ሮብሰን

ፖል ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1898 በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ፕሪንስተን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በባርነት ተወልዶ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ያመለጠና ኋላም ሰባኪ የሆነ ሰው ነበር። እናቱ ግን ፖል ገና ትንሽ ልጅ ሳለ በእሳት አደጋ ሞተችበት።

በ1915 ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሩትገርስ ኮሌጅ ገባ፤ የአሜሪካን እግር ኳስ ለመጫወትም ቀረበ። ይህ ጨዋታ ከስሙ በቀር እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ጋር እምብዛም አይመሳሰልም። ኳሷ ሞላላ ናት፤ በእጅ ተይዛ ይሮጥባታል፤ የያዛትንም ተጫዋች ተቃራኒው ወገን ተላትሞ ይጥለዋል። ከጥቁር ጋር መሰለፍን የጠሉ የገዛ ጓደኞቹ በመጀመሪያው ልምምድ አፍንጫውን ሰበሩት፤ ትከሻውንም አወለቁት። እርሱ ግን ቁስሉ ሲሽርለት ወደ ሜዳው ተመለሰ። በ1917 እና በ1918 ከአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ ተመረጠ። ትምህርቱንም ቸል አላለም፤ በ1919 የተመራቂዎቹን የስንብት ንግግር ያደረገው እርሱ ነበር።

በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሲያጠና ለአክረንና ለሚልዎኪ ቡድኖች እየተከፈለው ተጫወተ። ጥብቅናው ግን አልሰመረለትም፤ አንዲት ነጭ ጸሐፊ የጥቁር ሰው ቃል መጻፍ አሻፈረኝ ብትል ሥራውን ትቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ በዘፈንና በቴአትር ስሙ ገነነ።

ስለ ጥቁሮች መብትና ስለ አፍሪካ ነጻነት በመናገሩ፣ ሶቪየት ኅብረትንም በመደገፉ፣ መንግሥት በ1950 ፓስፖርቱን ነጠቀው። ቢሆንም በ1957 ለንደን የተሰበሰበ ሕዝብ ዘፈኑን በባሕር ሥር በተዘረጋ የስልክ መስመር አዳመጠ። ፓስፖርቱ በ1958 ተመለሰለት።

በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ ዐረፈ። ስሙ ከኮሌጅ እግር ኳስ የክብር መዝገብ የገባው ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1995 ነው።