ሪቻርድ ቡክታ፦ ካሜራ ተሸክሞ ወደ ላዶ የዘለቀው ኦስትሪያዊ

ካሜራ የሚመርጥ ሰው ጥራትን ከሸክም ጋር ይመዝናል። ከ140 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ዛሬ ጁባ ወደምትገኝበት አካባቢ የዘለቀው ሪቻርድ ቡክታ ግን ይህ ዕድል አልነበረውም።

ቡክታ እ.አ.አ በ1845 በጋሊሲያ፣ በዛሬዋ ፖላንድ ምድር ተወለደ። በካይሮ ለረጅም ጊዜ ኖሮ በ1877 ካርቱም ገባ። በጎርደን ፓሻ ድጋፍም ኤሚን ቤይ ወደነበረበት ወደ ላዶ ተሻገረ። ላዶ ከጁባ በስተሰሜን፣ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ የነበረ የአስተዳደር ጣቢያ ነው።

በዚያ ዘመን ፎቶ የሚታተመው ባመዛኙ የመስታወቱን ሳህን በወረቀት ላይ አነባብሮ ለፀሐይ በማስጣት ነበር። የምስሉ ስፋት ከሳህኑ ስለማይበልጥ፣ ትልቅ ፎቶ የሚሻ ሰው ትልቅ ካሜራ ይሸከማል። የዛሬው ባለሙያ ግን አማራጭ አለው፦ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነው «ሙሉ ፍሬም» ዳሳሽ በደብዛዛ ብርሃን የጠራ ምስል ይሰጣል፤ አነስተኛው ዳሳሽ ደግሞ ክብደትንና ወጪን ያቀላል።

ቡክታ በ1880 ወደ ካርቱም ተመለሰ። በ1881 በበርሊን 160 ፎቶግራፎች የያዘ አልበም አሳተመ። ከሥዕሎቹም ብዙዎቹ ተቀርጸው በሌሎች ተጓዦች መጻሕፍት ወጡ። ይሁንና የአልበሙ ርዕስ የተነሡትን ሰዎች የሚጠራቸው የሕዝብ «ዓይነቶች» እያለ ነው።

ቡክታ በ1894 ዐረፈ። ሰፊው ሳህን የሰዎቹን ፊት ለትውልድ አቆየ፤ ስምን ከፎቶ ግርጌ ማስፈር ግን በየትኛውም መጠን ካሜራ ይቻል ነበር።