አርግዊንግስ ኮድሄክ፦ በኪሊማኒ በየቀኑ ስማቸውን የምንጠራው ሰው

ኪሊማኒ የምትኖሩ ወገኖች ይህን ስም በቀን ስንት ጊዜ ትጠሩታላችሁ? ማታቱ ስትሳፈሩ፣ ያያ ሴንተር ስትቀጣጠሩ፣ ሃርሊንግሃም ላለ ዘመድ አድራሻ ስትሰጡ አርግዊንግስ ኮድሄክ ሮድ ትላላችሁ። እኔም የመንቀሳቀሻ ወረቀት አግኝቼ ከካምፕ ናይሮቢ የመጣሁ ጊዜ ያረፍኩት እዚያው አካባቢ ነበር። የሰው ስም መሆኑን ግን አላወቅኩም። ካምፕ ከተመለስኩ በኋላ አንዲት ተማሪዬ ዲፕሎማት ለመሆን ምን መማር እንዳለባት ጠየቀችኝ። መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት የእኚህን ሰው ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ክሌመንት አርግዊንግስ ኮድሄክ በ1923 በምዕራብ ኬንያ፣ ጌም በሚባለው የሉኦዎች አገር ተወለዱ። ኡጋንዳ ማከሬሬ ተምረው አስተማሪ ሆኑ። አዎ፣ እንደኛው ጠመኔ የያዙ ሰው ነበሩ። በ1947 እንግሊዝ አገር ሄደው እንዲማሩ ስኮላርሺፕ አገኙ። የተላኩት ለሌላ ትምህርት ነበር፣ እሳቸው ግን ወደ ሕግ ዞሩ። በ1948 የዓለም የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሲጸድቅ እዚያው ተማሪ ነበሩ። እንግሊዝ ለመግለጫው ድምፅዋን ሰጠች። በምትገዛት ኬንያ ግን መሬቱም፣ ሰፈሩም፣ ደመወዙም በቆዳ ቀለም የተከፈለ ነበር። ዛሬ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ ኪፓንዴ ሲለን የምንደነግጥበት ቃል ራሱ ከቅኝ ግዛት የመጣ ነው። ጥቁር ወንዶች አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እንዲዞሩ ይገደዱበት የነበረ ወረቀት ነው።

አርግዊንግስ ኮድሄክ ጠበቃ ሆነው ወደ አገራቸው ሲመለሱ መንግሥት ሥራ ሊሰጣቸው ፈለገ። ደመወዙ ግን ለነጭ ባልደረቦቻቸው ከሚከፈለው በእጅጉ ያነሰ ነበር። አልፈልግም ብለው ትተውት የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። በኬንያ በጥብቅና ሥራ ላይ የተሰማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ነጭ አይሪሻዊት ስለነበሩ በዘር በተከፋፈለችው ናይሮቢ አብሮ መኖሩ ራሱ ፈተና ነበር።

በጥቅምት 1952 በማው ማው አመፅ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰው በጅምላ ታፈሰ፣ ኪኩዩ የሆነ ሁሉ ያለ ፈቃድ ወረቀት ከቦታ ቦታ መሄድ ተከለከለ። አዋጁ በ1960 እስኪነሳ ድረስ ከ1,000 በላይ ሰዎች በስቅላት ተቀጡ። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው አርግዊንግስ ኮድሄክ በማው ማው ተጠርጥረው ለተከሰሱ ሰዎች ጥብቅና የቆሙት። እሳቸው ሉኦ ናቸው፣ ተከሳሾቹ አብዛኞቹ ኪኩዩ ናቸው። ወገኔ አይደለም ብለው ዞር ማለት ይችሉ ነበር፣ ግን አላሉም። አንድ ሰው ምንም ቢባል ፍርድ ቤት ሲቀርብ አጠገቡ የሚቆም ሰው ያስፈልገዋል።

ፖለቲካውንም ሞከሩ። በ1955 መጨረሻ አካባቢ አገር አቀፍ ፓርቲ ሊያቋቁሙ ተነሱ። ገዢዎቹ አፍሪካውያን ከአውራጃ በላይ እንዳይደራጁ ከልክለው ስለነበር ፓርቲው የናይሮቢ ብቻ እንዲሆን ተገደደ። አፍሪካውያን ተወካዮቻቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ በመረጡበት በ1957ቱ ምርጫ ናይሮቢ ላይ ተወዳድረው በቶም ምቦያ ተሸነፉ። ፖለቲካውን ግን አልተዉም። ኬንያ በ1963 ነጻ ስትወጣ የጌም ሕዝብ ፓርላማ ላካቸው። በመንግሥት ውስጥ በተለያየ ኃላፊነት ከሠሩ በኋላ በ1968 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። በ1966 ኬንያ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ተቀበለች። እኔና እናንተ ዛሬ የያዝነው ወረቀት መሠረቱ እሱ ነው። በዚያው በ1966 ግን ይኸው መንግሥት ሰውን ያለ ፍርድ ማሰር የሚያስችል ሕግ አወጣ። የታሳሪዎች ጠበቃ የነበሩት ሰው የዚህ መንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ። ታሪካቸውን ለልጆች ሳስተምር ሁለቱንም አብሬ እናገራለሁ። ለእንግዳው ስምምነት የፈረመ መንግሥት የገዛ ዜጋውን ያለ ፍርድ ሊያስር ይችላልና።

ጥር 29 ቀን 1969 አርግዊንግስ ኮድሄክ በመኪናቸው ሲሄዱ እዚያው ሃርሊንግሃም መንገድ ላይ ሞቱ። የትራፊክ አደጋ ነው ተባለ። ብዙ ሰው ግን አላመነም፣ ጥርጣሬው እስከ ዛሬ አልጠፋም። በሐምሌ ደግሞ ቶም ምቦያ በጥይት ተገደሉ። መንገዱ በኋላ በአርግዊንግስ ኮድሄክ ስም ተጠራ። እኛ በየቀኑ የምንመላለስበት ያው የሞቱበት መንገድ ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የአፍሪካ አገሮች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካን የስደተኞች ስምምነት አጸደቁ። እሳቸው ይህን ሳያዩ ሞቱ። በ1970ዎቹ ደግሞ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ዲፕሎማቶችን ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬ ዲፕሎማት መሆን የሚፈልግ ሰው ስለ ስምምነቶች፣ ስለ ድርድር፣ ስለ ሰብአዊ መብት በክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ይማራል። ጥሩ ነገር ነው። አርግዊንግስ ኮድሄክን ያሠለጠናቸው ግን ጥቁር ሰሌዳው፣ ፍርድ ቤቱና የተሸነፉበት ምርጫ ነው።

ለተማሪዬም ይህንኑ ነገርኳት። ቋንቋውንም ሕጉንም አጥኚ፣ ግን ዲፕሎማት እስክትሆኚ አትጠብቂ። እዚሁ ካምፕ ውስጥ ማንበብ የማይችል ጎረቤትሽ የተጻፈበትን ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ቁጭ ብለሽ አንብቢለት፣ መልሱንም ጻፊለት። የሌላ አገር ሰው ቢሆንም፣ ቋንቋው ባይገባሽም። እናንተም ኪሊማኒ ያላችሁ፣ ነገ በዚያ መንገድ ስታልፉ ለልጆቻችሁ የማን ስም እንደሆነ ንገሯቸው።