ለመምህሩ የጻፈው ሐኪም

የመታሰቢያ መጽሔታችን አዘጋጆች ከምረቃ በኋላ ስላሳለፍሽው ሕይወት ጻፊ ሲሉኝ፣ ከሞተ ከ160 ዓመት በላይ ስለሆነው ስለ ቴዎዶር ቢልሃርዝ ልጻፍ አልኳቸው። ስሙን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደናል። ሰውየውን ግን ያወቅኩት ዘግይቼ፣ አንድ በሽተኛ ካመለጠኝ በኋላ ነው።

ቢልሃርዝ እ.ኤ.አ. በ1825 በደቡብ ጀርመን፣ በዚግማሪንገን ከተማ ተወለደ። ሕክምናን በቱቢንገን ተማረ። በ1850 መምህሩ ቪልሄልም ግሪዚንገር የግብፅን የጤና ሥራ እንዲመሩ ሲጠሩ ረዳታቸው አድርገው ወደ ካይሮ ወሰዱት። ገና 25 ዓመቱ ነበር።

በቀስር አል-ዐይኒ ሆስፒታል አስከሬን እየከፈተ ይመረምር ነበር። በ1851 ወደ ጉበት በሚገባው ትልቅ ደም ሥር ውስጥ ነጫጭ ትሎች አገኘ። እንደ ክር የቀጠነችው ሴቷ ትል በወንዱ ሆድ በኩል ባለው ቦይ ውስጥ ተኝታ ትኖራለች። ያየውን ሁሉ በፍራይቡርግ ላስተማሩት ለካርል ፎን ዚቦልድ በደብዳቤ ጻፈ። ዓለምም ግኝቱን ያወቀው ደብዳቤዎቹ በ1852 ሲታተሙ ነው። ብዙም ሳይቆይ የትሉን እንቁላል በሽንት ፊኛ ግድግዳ ውስጥ አገኘና በሽተኞቹ ደም የሚሸኑበትን ምክንያት ተረዳ።

እንቁላሉ ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ፊኛው የሚገባበትን መንገድ የተረዳነው ግን ከእሱ ብዙ ዘመን በኋላ ነው። እንቁላሉ ጫፉ ላይ እሾህ አለው፤ እሾህ ብቻውን ግን አያሳልፈውም። በውስጡ ያለው እጭ ፕሮቲን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች ያመነጫል፤ እነሱም ከሰውነታችን የመከላከል ምላሽ ጋር ሆነው ሕብረ ሕዋሱን እየሸረሸሩ መንገድ ይከፍቱለታል። ግማሹ ከሽንት ጋር ይወጣል፤ ሌላው ግድግዳው ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። እዚያው ለዓመታት ይቆስላል፣ ይድናል፣ እንደገና ይቆስላል። ፈርጉሰን በ1911 ካይሮ ውስጥ ይህን በሽታ ከፊኛ ካንሰር ጋር አያይዞ ጻፈ።

የሚገርመው፣ ካንሰሩም ተመሳሳይ ዘዴ መጠቀሙ ነው። ከፊኛው የውስጥ ሽፋን ሥር አራተኛው ዓይነት ኮላጅን የሚበዛበት ስስ ንጣፍ አለ። ካንሰሩ ያንን ንጣፍ እስካላለፈ ድረስ አደጋው ያነሰ ነው። ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ የምንላቸው ኢንዛይሞች፣ በተለይ ቁጥር 2 እና ቁጥር 9፣ ይህን ኮላጅን ይቆራርጣሉ። አንዳንዶቹን ካንሰሩ ራሱ፣ ሌሎቹን ደግሞ በዙሪያው ያሉ ጤነኛ ሕዋሳት ያመርቱለታል። ጡንቻው ጋ ከደረሰ በኋላ ብዙ ጊዜ ፊኛውን እስከማውጣት ይደረሳል።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ኢንተርን ሳለሁ በአርባዎቹ መጀመሪያ ያለ የቀን ሠራተኛ ደም እሸናለሁ ብሎ መጣ። ኢንፌክሽን ነው ብዬ መድኃኒት አዘዝኩለትና ሸኘሁት። የት እንደኖረ፣ በምን ውኃ እንደሠራ አልጠየቅኩም። የሽንት ቢልሃርዚያ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ እንዳለ ግን ተምሬያለሁ። ከወራት በኋላ ሌላ ክፍል ተኝቶ አገኘሁት፤ ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያው አዋሽ ዳር ነበር። የፓቶሎጂ መምህራችን ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አሳዩን። ንጣፉ ተበጣጥሷል፣ ካንሰሩ ጡንቻው ውስጥ ገብቷል። መምህራችን መጀመሪያ ያየው ማን ነው ብለው ሲጠይቁ እኔ ዝም አልኩ።

ቢልሃርዝ በ1862 የሳክስ-ኮቡርግ-ጎታውን መስፍን አጅቦ ወደ ምጽዋ ተጓዘ። በጉዞው ላይ ተስቦ ያዘውና ካይሮ ተመልሶ ግንቦት 9 ቀን 1862 አረፈ። 37 ዓመቱ ነበር። እኔ ዛሬ ከእሱ በዕድሜ እበልጣለሁ። እሱ ግን ያየውን በጊዜው ለመምህሩ ጽፏል።

የተከበሩ መምህሬ፣ ያን በሽተኛ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነበርኩ። ደብዳቤዬ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተማሪዎቻችሁን ግን ደም የሚሸና ሰው ሲመጣ በየትኛው ውኃ እንዳደገ እንዲጠይቁ አደራ በሉልኝ።