በትር ይዞ የዘመተው ጄኔራል

በጦር ሰፈር ማታ ማታ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው ጦር ሊመራ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። አንዱ ወገን ጸሎትና ውጊያ አብረው አይሄዱም ይላል፤ ሌላው ንጉሥ ዳዊትን እየጠቀሰ ይከራከራል። እኛ በዚህ ክርክር ብያኔ ለመስጠት አልተነሣንም። ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስንና የጦር ካርታን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ የኖረ አንድ መኮንን በታሪክ ስላለ፣ የሕይወቱም ፍጻሜ ከአገራችን ወሰን ብዙ ስላልራቀ፣ ታሪኩን ለአንባብያን ማቅረቡን መርጠናል። ይህ ሰው እንግሊዛዊው ጄኔራል ቻርልስ ጆርጅ ጎርደን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጎርደን ጃንዋሪ 28 ቀን 1833 በለንደን አጠገብ በምትገኘው በዉሊች ከመድፈኛ መኮንን ተወለደ። እዚያው በነበረው የጦር አካዳሚ ሲማር ቁጡና አስቸጋሪ ስለ ነበር ምረቃው በቅጣት ዘገየ፤ በ1852 በመሐንዲስ ክፍል ተሾመ። ወደ ሃይማኖት ያዘነበለው በ1854 በፔምብሮክ ምሽግ ሲሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስን በየዕለቱ ከማንበብ አልተለየም፤ ሆኖም ራሱን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ማኅበር አባል አድርጎ አላስመዘገበም። በሚቀጥለው ዓመት በክራይሚያ ጦርነት በሴባስቶፖል ፊት ለፊት ከተቆፈሩት ምሽጎች ውስጥ ውሎ ማደርን ተማረ።

ስሙ የተጠራው ግን በቻይና ነው። በ1863 የቻይና መንግሥት በታይፒንግ ዓመፀኞች ተወጥሮ ሳለ፣ በሻንጋይ አካባቢ የተቋቋመ ከ3,000 በላይ ቻይናውያን ወታደሮች የነበሩበት አንድ ጦር ለጎርደን ተሰጠ። ሹማምንቱ ከየአገሩ የተሰበሰቡ፣ አብዛኞቹም ለገንዘብ የመጡ ጀብደኞች ነበሩ። ይህ ጦር ከተማ በያዘ ቁጥር መዝረፍን እንደ ደመወዝ ይቈጥር ነበር። ጎርደን ገና ሠላሳ ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያ ትእዛዙም ዝርፊያ እንዲቀር፣ በምትኩ ደመወዝ በየጊዜው ሳይጓደል እንዲከፈል ነው። ይህን ሁለተኛውን ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ወታደርን አትዝረፍ ብሎ ደመወዙን የሚያስቀር አለቃ የሚሰብከው ሌላ፣ የሚያደርገው ሌላ ነውና።

ጦሩ ግን በቀላሉ አልተገራም። ጎርደን ጠቅላይ ሰፈሩን ዘረፋን ከለመዱበት ቦታ አንሥቶ ወደ ኩንሻን ሲያዛውር ወታደሮቹ አደሙ። የበታች ሹማምንቱን አሰልፎ የአድማውን መሪ ስም ጠየቀ፤ መልስ የሰጠው አልነበረም። ከተሰለፉት መካከል ድምፁን ከፍ አድርጎ ያጉረመረመውን አንዱን ከሰልፉ አስወጥቶ ወዲያውኑ አስረሸነው። አድማው በዚያው ቀን በረደ። የጎርደንን የሕይወት ታሪክ የጻፉ አድናቂዎቹ ይህን በቆራጥነቱ ማስረጃነት ይቈጥሩለታል። እኛ ግን ያለ ፍርድ የሞተው ያ ወታደር ጥፋቱ ማጉረምረም ብቻ እንደ ነበር ሳናስታውስ ማለፍ አንችልም። ወንጌልን በየጧቱ የሚያነብ ሰው ይህን እንዴት አደረገ ቢባል፣ ሃይማኖቱ ቁጣውን ገና አላሸነፈውም ከማለት ሌላ መልስ የለንም።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር የሱቾው ከተማ እጅዋን ሰጠች። የዓመፀኞቹ አለቆች የተገዙት ጎርደን ነፍሳቸው እንደማትጠፋ ቃል ስለ ገባላቸው ነው። የመንግሥቱ ጦር የበላይ የነበረው ሊ ሁንግ ቻንግ ግን አለቆቹን ጠርቶ አንገታቸውን አስቀላ። ጎርደን ይህን ሲሰማ በሐዘንና በንዴት እያለቀሰ፣ ሽጉጥ ይዞ የገዛ የጦር ጓዱን ሊን ሊገድል ፍለጋ ወጣ፤ ሊ ግን ሸሽቶ አመለጠው። እንግዲህ በጦር ሜዳ ከቀጭን በትር በቀር ምንም ሳይዝ በጥይት መካከል ይመላለስ የነበረው ሰው፣ መሣሪያ ያነሣው በተማረከ ጠላት ላይ የተገባ ቃል በመሰበሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የላከለትን 10,000 ታኤል ብርም በዚሁ ምክንያት አልቀበልም ብሎ መለሰ። ለሁለት ወራት ያህል ከዘመቻ ከተለየ በኋላ፣ ጦርነቱ በተራዘመ ቁጥር የሚያልቀው ባላገሩ መሆኑን አስቦ ተመለሰ። ወታደር የሆነ ሁሉ የዚህን ምርጫ ክብደት ያውቀዋል።

ወደ አገሩ ሲመለስ ከ1865 እስከ 1871 በግሬቭስኤንድ የቴምዝ ወንዝ ምሽጎችን ያሠራ ነበር። ማታ ማታ የድኻ ልጆችን በቤቱ ሰብስቦ ያስተምራል፤ ካደጉም በኋላ በመርከብ ሥራ ያስገባቸዋል። ከግድግዳው ላይ በሰቀለው ካርታ መርከቦቻቸው ያሉበትን ስፍራ በመርፌ እያመለከተ ይጸልይላቸው ነበር። ከቻይና የተሸለመውን የወርቅ ሜዳይ ጽሑፉን ፍቆ ለረኀብተኞች ርዳታ ሰጠው።

በ1874 በግብፅ መንግሥት ሥር የኢኳቶሪያ አገረ ገዥ ሆኖ ወደ ሱዳን መጣ። በዓመት 10,000 ፓውንድ ቢመደብለት ከ2,000 በላይ አልወስድም አለ፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ከድኻው ሕዝብ ትከሻ የሚወጣ መሆኑን ያውቅ ነበር። በ1877 የሱዳን ሁሉ ጠቅላይ ገዥ ሆነ። በጉዞ ላይ ሳለ በየጧቱ ከድንኳኑ ደጃፍ ነጭ መሐረብ ይዘረጋል፤ መሐረቡ እስኪነሣ ድረስ ጎርደን በጸሎት ላይ ነውና ማንም አይገባም። ሠራዊቱ በብዛት እስላም ነበር። በዳርፉር የባሩድ ማከማቻ ተደርጎ የነበረውን መስጊድ አስጠርጎ ለምእመናኑ መልሷል። የራሱን ጸሎት የሚያከብር የሌላውንም ማክበር እንዳለበት ያምን ነበርና።

በሴፕቴምበር 1877 ሱሌይማን የተባለው የባሪያ ነጋዴዎች አለቃ ወደ 3,000 የሚጠጋ ጦር ይዞ በዳራ አጠገብ ሰፍሮ ነበር። ጎርደን ጦሩን ወደ ኋላ ትቶ በግመል ገሠገሠና ብቻውን ዳራ ደረሰ። በማግሥቱ የክብር ልብሱን ለብሶ ከጥቂት አጃቢዎች ጋር ወደ ዓመፀኞቹ ሰፈር ገባ፤ ሱሌይማንም ለጊዜው ተገዛ።

ከኢትዮጵያ ጋር የተገናኘው በ1879 ነው። ግብፅ የያዘችው የቦጎስ ምድር ጉዳይ አነጋግሮ ነበርና ጎርደን መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ ወጣ። ዐፄ ዮሐንስ መሬታቸውን፣ የባሕር በርና ጳጳስ ጠየቁ፤ ጎርደን ይህን ለመስጠት ሥልጣን አልነበረውም። ሁለቱም ክርስቲያኖች፣ ሁለቱም ግትሮች ነበሩ፤ ሳይስማሙ ተለያዩ። ጎርደን በመንገድ ተይዞ ጥቂት ከተንገላታ በኋላ በምፅዋ በኩል ወጣ።

አሁን ወደ ካርቱም እንምጣ። በሱዳን የመሐዲ እንቅስቃሴ ተነሥቶ በኖቬምበር 1883 ጄኔራል ሂክስ የመራውን የግብፅ ጦር ደመሰሰ። የለንደን መንግሥት ጎርደንን በጃንዋሪ 1884 ሲልከው፣ ዓላማው በየቦታው የቀሩትን የግብፅ ወታደሮችና ሲቪሎች ከሱዳን ማስወጣት ነበር። ፌብሩዋሪ 18 ካርቱም ደረሰ፤ የግብር ዕዳ መዝገቦችንና አለንጋዎችን በአደባባይ አቃጠለ፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀበለው። ወደ 2,500 የሚሆኑ ሴቶችን፣ ሕፃናትንና በሽተኞችን በወንዝ ወደ ሰሜን ላከ። በማርች ወር ከተማዋ ተከበበች።

ከዚያ በኋላ ብቻውን ሊወጣ ይችል ነበር። እርሱ ግን የከተማው ሕዝብ አምኖኛል፣ መውጣት የሚፈልገው ሁሉ ሳይወጣ አልንቀሳቀስም በማለት ጸና፤ ውጣ የሚል ትእዛዝ ቢደርሰው እንኳ እንደማይፈጽም በማስታወሻው ጽፏል። በእኛ አስተያየት የዚህ ሰው ታሪክ አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው። እረኛ በጎቹን ትቶ አይሸሽም የሚለውን ትምህርት የጎርደንን ያህል የተከተለ መኮንን ብዙ አናውቅም። ነገር ግን ለእኅቱ ለአውጉስታ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ሞትን እንደ ዕረፍት ይናፍቅ እንደ ነበር ያሳያሉ። ሞትን የሚናፍቅ አዛዥ የራሱን ነፍስ መስጠት ይችላል፤ የሌላውን ግን በዚያ ሚዛን መመዘን አይገባውም። እርሱን ለማዳን ከተላከው ጦር በአቡ ክሌያ ውጊያ ብቻ ከ70 የሚበልጡ እንግሊዛውያን ሞቱ። ደግሞም ከምሽጉ ማዶ የነበረው መሐዲ ከጎርደን ያላነሰ የሚጸልይ ሰው ነበር፤ እርሱም እግዚአብሔር ከእኔ ጋር ነው ብሎ ያምን ነበር።

ከበባው ከአሥር ወራት በላይ ቆየ። ጎርደን ፈንጂ ቀበረ፤ ገንዘብ ቢያልቅበት በፊርማው የወረቀት ብር አወጣ፤ ለተከላካዮቹ እዚያው ያሠራውን ሜዳይ ሸለመ። ቀን ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ሆኖ በመነጽር ወደ ሰሜን ይመለከታል። እህል ሲያልቅ ሰው አህያና ውሻ፣ የዛፍ ሙጫም ሳይቀር በላ። የወንዙ ውኃ ጎድሎ በነጭ ዓባይ በኩል ምሽጉ ክፍተት አገኘ፤ በዚያ በኩል ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ጎሕ ሲቀድ የመሐዲ ጦር ገባ። ጎርደንም በቤተ መንግሥቱ ተገደለ፤ ከወታደሩና ከከተማው ሕዝብ ብዙ ሺህ ሰው በዚያ ጧት አለቀ። ጎርደንን ለማዳን ይመጡ የነበሩት ሁለት የእንፋሎት መርከቦች ከሁለት ቀን በኋላ ደርሰው፣ በቤተ መንግሥቱ ላይ ሰንደቅ ዓላማ አለመኖሩን አይተው በተኩስ መካከል ተመለሱ።

ጎርደን ሊያወጣቸው ከተላከላቸው ወታደሮች መካከል በምሥራቅ ሱዳን የነበሩት ብዙዎቹ ግን ድነዋል። ጁን 3 ቀን 1884 ዐድዋ ላይ በተፈረመው ውል ዐፄ ዮሐንስ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ ምድር አልፈው ወደ ምፅዋ እንዲወጡ ሊረዱ ተስማሙ፤ ቦጎስም ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ራስ አሉላ የአሚዲብንና የሌሎችንም ሰፈሮች ወታደሮች አወጡ፤ የገላባት ወታደሮችም ከቤተሰቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያ በኩል ተሻገሩ። ከሰላ ግን ርዳታ ሳይደርስላት በጁላይ 1885 ወደቀች፤ ራስ አሉላ ወደዚያው ሲገሠግሡ ሴፕቴምበር 23 ቀን ኩፊት ላይ ከዑስማን ዲግና ጦር ጋር ተጋጥመው ድል አደረጉ።